እስክሪብቶዎን በወንድሜ አፍ ለከተቱት ርእሰ መምህር

ለተከበሩ መምህር ገብረአምላክ፣
የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፣ የንጽህና ኮሚቴ የበላይ ጠባቂና የሰኞ ሰልፍ ብቸኛ ተናጋሪ፤
ዓዲ ሓቂ፣ መቐለ።

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለውድ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለማይለይዎ ቡናማ ባርኔጣ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከመይ ቀኒኹም? ጉልበትዎ፣ ዐይንዎና ድምፅዎ ደኅና እንደሚሆኑ አምናለሁ፤ ድምፅዎ እንኳ መብራት በሌለበት ቀን ያለ ማይክራፎን ዓይናለም የውኃ ጉድጓዶች ድረስ ስለሚሰማ ብዙም አያሳስበንም። የጭንቅላትዎን ጤና ያልጠየቅኩት ረስቼው አይደለም። ተራው ሲደርስ፣ የሚገባውን ክብር ሰጥተን እንመጣበታለን።

ምናልባት ከዘነጉኝ፣ እኔ ኑሃ አብዱሰመድ ነኝ። አምና ከእርስዎ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩ፣ በአማርኛ ድርሰት ውድድር አንደኛ ወጥቼ ከእጅዎ የተሸለምኩ፣ በሽልማቱም ቀን ሕምባሻ አብረን የቆረስን ያቺ የወሎዋ ልጅ። ያን ጊዜ «ይህች ልጅ ብዕሯ ሩቅ ያደርሳታል» ብለው መርቀውኝ ነበር። ምርቃትዎ ሠምሮ፣ ይኸው ብዕሬ እስከ እርስዎ ድረስ አድርሶኛል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ለብቻዎ ልሰጥዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን በእርስዎ እጅ የገባ ምስጢር እንዴት እንደሚጨንቀውና እንዴት አየር እንደሚያጥረው በቤታችን ስላየን፣ እንዳላስቸግርዎ ብዬ ገና ከመጀመሪያው በግልጽ ጻፍኩት። ውለታዎ ብዙ ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጥርስ ሐኪምነትዎ።

በዚያ ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ የንጽህና ኮሚቴው እንደ ልማዱ ጥፍርና ፀጉር ሲፈትሽ፣ አንደኛ ክፍል በሚማረው ወንድሜ በኸድር አናት ላይ ሳንቲም የሚያህል የተመለጠ ክብ ተገኘ። ቆረቆር ነው። ቆረቆር ለዚህች ከተማ እንግዳ ስላልሆነ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ልኮ ሰልፉን መቀጠል ይቻል ነበር። እርስዎ ግን በአናቱ ብቻ አልረኩምና «አፍህን ክፈት» አሉት። ከፈተ። ኸድር ታዛዥ ልጅ ነው፤ ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ። ምላሱና ጉንጩ ላይ እንደ እርጎ የተለጠፈውን ነጭ ነገር ባዩ ጊዜ፣ ከደረት ኪስዎ እስክሪብቶ አውጥተው ጉንጩን ገለጥ አደረጉና፣ ልጁን በአገጩ ይዘው ወደ ተሰለፈው ተማሪ ሁሉ አዞሩት። «ርኣዩ! እዩ! ጥርሱን የማይፍቅ ልጅ አፉ እንዲህ ይበሰብሳል!» አሉ።

የእኔ ፈረቃ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ወንድሜን ላደርስ መጥቼ በር ላይ ቆሜ ነበር። ልጁ አፉን እንደከፈተ ቆየ፤ ዝጋ ያለው ሰው የለማ። ምራቁ በአገጩ ወርዶ እጅዎ ላይ ሲደርስ ለቀቁት፤ እጅዎንም በሸሚዝ ጠረጉ፤ በእሱ ሸሚዝ። የቀሪዎችን ስም ለመመዝገብ ቆመው ሲያስቡ፣ ያንኑ እስክሪብቶ እንደ ዘወትር ልማድዎ ወደ አፍዎ አስጠግተው ጫፉን ነከስ፣ ከዚያም መጠጥ አደረጉት። በአላህ ስም፣ መጠጥ! የበላሁት ጨጨብሳ እዚያው በር ላይ ሊመለስ ምንም አልቀረው። ስለ አፍ ንጽህና ለሰጡን ትምህርት ከልብ እያመሰገንኩ፣ ወንድሜ ጥርሱን ጠዋትና ማታ እንደሚፍቅ፣ እስክሪብቶም እንደማይነክስ በትሕትና አሳውቃለሁ።

ሁለተኛ፤ በቢሮዎ ስለተደረገልን የሕክምና ምክር።

በማግሥቱ እናቴ ረሒማ የቅመም ሱቋን ዘግታ፣ ኸድርን በእጁ ይዛ ቢሮዎ መጣች። በሩን ዘግታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እውነቱን ነገረችዎ። ኸድር ከኤች አይ ቪ ጋር የተወለደ ልጅ ነው። በጦርነቱ ጊዜ መድኃኒት ከከተማው ሲጠፋ የእሱም ተቋረጠ፤ በኋላ ሲመጣም የድሮው መድኃኒት እንደ በፊቱ አልሠራለት ብሎ በቅርቡ ተቀይሮለታል። ሰውነቱ እስኪበረታ ድረስ ፈንገስ በአፉና በአናቱ እየተጫወተበት ነው፤ ለዚህም እየታከመ ነው። እናቴ ይህን ሁሉ የነገረችዎ እንዲያዝኑልን አልነበረም። ለክትትል በሚሄድበት ቀን ቀሪ እንዳይሉት ብቻ ነበር።

ምክትልዎ ወይዘሮ ኣስካል ግን እናቴን ከመስማት ማየትን መረጡ። የስልካቸውን መብራት አብርተው በወንድሜ ጉሮሮ ውስጥ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ዋይ ኣነ! ምን ፈንገስ ትያለሽ፣ ረሒማ፣ እንጥሉ ወርዶ ነው እንጂ! ዓይናለም አንዲት አዋቂ አለች፣ ቁርጥ አድርጋ ትገላግለዋለች» አሉ። ኸድር ይህን ሲሰማ በሁለት እጁ አንገቱን እንደያዘ ቤት ደረሰ። ከሁሉ የገረመኝ የእርስዎ ነገር ነው። ርእሰ መምህር ከመሆንዎ በፊት ለዓመታት ባዮሎጂ ያስተማሩት፣ ፈንገስን በባለቀለም ጠመኔ አሳምረው ሠሌዳ ላይ የሣሉልን እርስዎ፣ እንጥል ይቆረጥ ሲባል ራስዎን በአዎንታ ነቀነቁ። ጉሮሮው ለታመመ ጉሮሮውን መቁረጥ በእውነቱ ግሩም ጥበብ ነው። ከመምህራኑ መካከል ራስ ምታት ያለበት እንዳይገኝ ዱዓ እያደረግን ነው።

ያስተማሩኝን እንዳልረሳሁ ለማሳየት ያህል፣ ፈቃድዎ ከሆነ አንዲት ነገር ልድገምልዎ። ያ ነጭ ነገር የሚያመጣው ፈንገስ በብዙ ሰው አፍ ውስጥ ዝም ብሎ የሚኖር ነው፤ በእርስዎም አፍ፣ እስክሪብቶውን ባይጨምሩበትም እንኳ፣ ሳይኖር አይቀርም። የሰውነት ዘበኛ ንቁ ሲሆን ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ዘበኛው ሲደክም ግን ግቢው የእሱ ይሆናል። ስለዚህ የወንድሜ አፍ አልበሰበሰም፤ ዘበኛው ደክሞ ነበር። የደከመ ዘበኛ ደግሞ እረፍትና ምግብ ይሰጡታል እንጂ ሰልፍ ላይ አውጥተው አያዋርዱትም። ቆረቆሩ ግን ሌላ ዓይነት ፈንገስ ነው፤ እሱ ኤች አይ ቪ አለህ የለህም ብሎ አይጠይቅም፤ የሚፈልገው አንድ ማበጠሪያ ወይም አንድ የፀጉር መላጫ ቶንዶዝ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ቶንዶዙ።

እዚህ ላይ ምስጋናዬ ከልክ ያልፋልና ይታገሡኝ። ቆረቆርን ከትምህርት ቤቱ ጠራርጎ ለማጥፋት ያወጡት ዕቅድ በዚህ ሳምንት እንኳ በየሰፈሩ ይተረካል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ገበየሁ ከቤቱ የራሱን ቶንዶዝ ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ወንዶች በሙሉ ባንዲራው ሥር በአግዳሚ ወንበር ተደረደሩ። «ከምንጩ እንጀምር» ብለው ኸድርን አስቀደሙ። ከዚያም ያው ቶንዶዝ፣ በዚያው ጥርሱ፣ ከኸድር አናት ተነሥቶ ወደ ቀጣዩ፣ ከቀጣዩም ወደ ቀጣዩ ሄደ። ገበየሁ በየመካከሉ ቶንዶዙን በሱሪው ጭን ጠረግ ያደርገው ነበር፤ ይህ በትምህርት ቤታችን ማምከን ይባላል። ፀጉሩ ከነቅርፊቱ በንፋስ እየተነሣ ተራ በሚጠብቁት ልጆች ፊትና ልብስ ላይ ሲያርፍ፣ እኔ ከበሩ ሆኜ አፌን በሻርፔ ሸፈንኩ።

በመጨረሻም ትንንሾቹ ሲያለቅሱ አይተው፣ በአርአያነት እርስዎ ራስዎ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አቤት ጀግንነት! ገበየሁ የቀረችዎትን ፀጉር ሲላጭልዎ ፎቶ ተነሣችሁ፤ ፎቶውም «ንጽህና ከላይ ይጀምራል» ከሚል ጽሑፍ ጋር በትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ተለቀቀ። ከወንድሜ አናት እስከ እርስዎ አናት የተዘረጋውን መንገድ በመቐለ ውስጥ ማንም የመንገድ ሥራ ተቋራጭ በዚያ ፍጥነት አይጨርሰውም።

ሳምንታት ሲያልፉ የሆነውን ያውቁታል። ክቡ በየአናቱ በቀለ። ከአንደኛ ክፍል ተነሥቶ ሁለተኛ ክፍልን ጎበኘ፤ በየቤቱ ገብቶ የልጆቹን ታናናሾች ሳመ። ወላጆች ተቆጡ። እርስዎም ስብሰባ ጠሩ። የሚገርመው፣ በዚያ ሙቀትና በዚያ አዳራሽ ውስጥ ባርኔጣ አድርገው ነበር የመጡት።

አራተኛ፤ በዚያ ስብሰባ ላይ ስላሳዩት ጨዋነት።

አንድ ወላጅ ተነሥቶ «ቆረቆሩን ያመጣው ቶንዶዙ አይደለም ወይ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ እርስዎ ተነሥተው ጉሮሮዎን ጠረጉና እንዲህ አሉ፤ «ስሙን አልጠራም። የልጁ ክብር ይጠበቃል። ነገር ግን አንደኛ ክፍል 'ለ'፣ መስኮቱ ሥር የሚቀመጠው፣ እናቱ ቅመም የምትሸጠው፣ የወሎዋ፣ ያ ከሁሉ በፊት ክብ የወጣበት ልጅ፣ ያ በሽታ አለበት። ምንጩ እሱ ነው። ልጆቻችሁን ጠብቁ።»

ስሙን ስላልጠሩልን እናመሰግናለን። ከስሙ ሌላ የቀረ ነገር ቢኖር የጫማው ልክ ነው፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲደርስልዎ በዚህ አጋጣሚ እልክልዎታለሁ። እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ተነሥታ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። በማግሥቱ በርበሬ ሊገዙ የመጡ ደንበኞቿ «ራሳችን እንሰፍራለን» እያሉ ማንኪያውን ከእጇ መቀበል ጀመሩ።

አምስተኛ፤ ጣሳው።

ስለ ጣሳው ብዙ ማለት አልችልም። ውኃ በመጣ ቀን ልጆቹ ሁሉ ከሮቶው ሥር በአንዲት ጣሳ እየተቀባበሉ ይጠጣሉ። ከስብሰባው በኋላ ለኸድር ብቻ የተቆረጠ የቲማቲም ቆርቆሮ፣ ጠርዙ እንኳ ሳይለሰልስ፣ ቀይ ክር ታስሮበት በሽቦ ሚስማር ላይ ተሰቀለለት። የአፉ ቁስል ያልዳነ ልጅ በስለታም ቆርቆሮ እንዲጠጣ! የክፍል ጓደኞቹ «ጻዕዳ ኣፍ» ብለው ስም አወጡለት፤ ነጭ አፍ ማለት ነው። ልጆቹን አልወቅሳቸውም፤ ቃሉን ያወጡት እነሱ ቢሆኑም አፉን ገልጦ ያሳያቸው ማን እንደሆነ ያውቃሉና።

ክቡር መምህር፣ ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። የሚቀጥለው ነገር በቁጥር አይነገርም።

ኸድር ያን ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ አፉን ዘጋ። እውነቴን ነው፤ ከንፈሩን ገጥሞ ጥርሱን ነክሶ ዘጋው። አልናገርም፣ አላሳይም፣ አልከፍትም። ወተት በስትሮ ይጠጣል፤ ሌላ ነገር የለም። ማታ ማታ የሚወስደውን መድኃኒት እናቴ በማንኪያ አሟሙታ ስታቀርብለት ግድግዳ ላይ ዞሮ ይተኛል። ለፈንገሱ የታዘዘለትም ሽሮፕ እንዳለ ቀረ። «ወደይ፣ ልጄ፣ የኔ ጌታ፣ አንዴ ብቻ» ስትለው እንባው በተዘጋው ከንፈሩ ላይ ይወርዳል እንጂ አይከፍትም። በጤና ጣቢያው የምትከታተለው ሲስተር ሮሃ እንደነገረችን፣ ይህ አዲሱ መድኃኒት ደግሞ ከተቋረጠበት የሚቀየርለት ሌላ ብዙ አማራጭ የለም። እንግዲህ ይህንን ነው ያደረጉት። የስምንት ዓመት ልጅ አፍ አንዴ ለሁሉ ሰው ከፈቱት፤ እኛ ለነፍሱ ብለን ስንለምነው አልከፈት አለን። በጦርነቱ ጊዜ መድኃኒቱ ስላልነበረ ነበር ያልወሰደው፤ ዛሬ ግን መድኃኒቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነው።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ጥሎት የመጣውን ቦርሳ ላመጣለት ወደ ትምህርት ቤቱ መጣሁ። ሰልፍ ላይ ነበራችሁ። እርስዎ ስለ ንጽህና እየተናገሩ ነበር። የመቐለ ንፋስ ደግሞ ሹመት አያከብርም፤ ከሜዳው ጫፍ አቧራውን ይዞ መጥቶ ባርኔጣዎን አነሣና ወደ ሮቶው አንከባለለው። ከዚያ ሁላችን አየን። አንድ ክብ፤ አጠገቡ ሌላ፤ ከኋላ ደግሞ የሚያክለው የሌለ፣ ጠርዙ ቀላ ብሎ ቅርፊቱ ነጣ ያለ፣ ከኸድር ይልቅ የሠመረ ቆረቆር። ባርኔጣውን አንሥቼ ሳቀብልዎ ደግሞ የነጭ ሽንኩርት ሽታ አፍንጫዬን መታው። አመሰግናለሁ አላሉኝም፤ ቸኩለዋል ብዬ ይቅር ብያለሁ።

ቤት እስክደርስ ሮጥኩ። ኸድር ግድግዳውን ዞሮ ተኝቷል። ባየሁት ላይ ምንም ሳልጨምር (ጥቂት ጨምሬ ሊሆን ይችላል) ነገርኩት። ቀስ ብሎ ዞረ። ለቀናት ያልተሰማ ድምፁ እንደ ዝገት ሆኖ፣ «ርእሰ መምህሩ? ራሱ?» አለ።

«ራሱ» አልኩት።

«ለምን ያዘው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት፤ «ምናልባት ጥርሱን ስለማይፍቅ ይሆናል።»

ክቡር መምህር፣ ወንድሜ ሳቀ። ትራሱን እየደበደበ፣ ነጩ ሁሉ እየታየ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ መዝጋቱን ረሳው። እናቴ ማንኪያውን ይዛ እንደቆመች ነበር፤ አቀበለችው፤ ዋጠው። ፊቱን አጨማደደና «መራራ ነው» አለ፤ ከዚያ ደግሞ «ባርኔጣው እንዴት እንደተንከባለለ እንደገና ንገሪኝ» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ መድኃኒቱ የሚዋጠው በእርስዎ ባርኔጣ ነው። ስለዚህ ይህ ምስጋና፣ ከላይ ካሉት ሁሉ በተለየ፣ ከልቤ ነው። ንግግርዎ ያልጠቀመንን ያህል ጭንቅላትዎ ጠቅሞናል።

በዚሁ አጋጣሚ ጥቂት ትሑት ልመናዎች አሉኝ። ኸድር በሚመጣው ሰኞ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። በዚያን ጊዜ ቀይ ክር ያለበት ጣሳ ከሚስማሩ ወርዶ እንዲገኝ። ሰልፍ ላይ አፉን ማንም እንዳያስከፍተው፤ እሱ ራሱ ሲስቅ ካልከፈተው በስተቀር። በሚቀጥለውም ስብሰባ፣ በተለመደው ጨዋነትዎ ስም ሳይጠሩ፣ ቆረቆሩን የዘራው የገበየሁ ቶንዶዝ እንደነበር ለወላጆች እንዲያስረዱልን፤ ገበየሁን ያዘዘውን ሰው ስም ግን ቢጠሩት ቅር አይለንም። ለራስዎ ደግሞ ነጭ ሽንኩርቱን ለወጥ ይተዉትና ጤና ጣቢያ ብቅ ይበሉ፤ የአናት ቆረቆር የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። እዚያ በሩን ዘግተው ያነጋግሩዎታል፤ ባርኔጣዎን ሲያወልቁም ወደ ሕዝብ አያዞሩዎትም። አይጠራጠሩ፣ እንዲህ የሚደረግባቸው ቦታዎች አሉ።

አላህ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለባርኔጣዎ ንፋስ የሌለበት ክረምት፣ ለእስክሪብቶዎ ደግሞ ጡረታ እንዲሰጥልን እየተመኘሁ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞ ተማሪዎና የምርቃትዎ ፍሬ፣
ኑሃ አብዱሰመድ፣ የጻዕዳ ኣፍ እህት

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ኣስካል፣ ከነሙሉ እንጥላቸው
ለዘበኛ ገበየሁ፣ ሱሪውን እንዲያጥብ
ለባርኔጣው

ይድረስልኝ ያልኩት ተጨማሪ ነገር፦ አምና በሽልማቱ ቀን ሕምባሻውን ከቆረሱ በኋላ በእጅዎ እንዳጎረሱኝ፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለውም ደግመው እንዳጎረሱኝ፣ እኔም ብድሬን በራሴ ጣቶች እንደመለስኩልዎና እርስዎም ሕምባሻው ላይ የነበረው ማር እስኪያልቅ ጣቶቼን ከንፈርዎ ላይ እንዳቆዩ ያስታውሳሉ። ኸድር ማታ ማታ የሚወስደውን ዓይነት መድኃኒት እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እወስዳለሁ። እናቴ ጻፊው ብላኛለች። ይኸው ዓመት አለፈ፤ ከእኔ ጉርሻ የያዘዎ ነገር የለም። የያዘዎት ቆረቆር የመጣው ከገዛ ትእዛዝዎ ነው። ሰኞ ወንድሜን የማመጣው እኔ ነኝ፤ ውኃ ቢጠማኝ በየትኛው ጣሳ እንደምጠጣ እስከዚያ ያስቡበት።